ሁጎ ሙንስተርበርግ

ሁጎ ሙንስተርበርግ (እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1863 – ዲሴምበር 16 ቀን 1916) በጀርመን ተወልዶ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያሳለፈ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። የሥነ ልቦናን ዕውቀት ከቤተ ሙከራ አውጥተው ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ፋብሪካና ወደ ሕክምና ለማስገባት ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። በተለይ በ1908 ያሳተመው፣ በምስክር ወንበር ላይ የተሰኘው መጽሐፉ ዛሬ ፎረንሲክ ሥነ ልቦና ለሚባለው የትምህርት ዘርፍ ከመነሻ ሥራዎቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል። ይህ ዘርፍ ሰው እንዴት እንደሚያይ፣ እንደሚያስታውስና እንደሚያምን የሚያጠና ሲሆን፣ ውጤቱ ለወንጀል ምርመራ፣ የምስክርን ቃል ለመመዘንና የተከሳሽን የአእምሮ ሁኔታ ለማወቅ ያገለግላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. የሚል ካልታከለባቸው በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሙንስተርበርግ የተወለደው በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው የዳንዚግ ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የፕራሻ ግዛት ነበረች፤ ዛሬ ግዳንስክ ተብላ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ ሞሪትስ የእንጨት ነጋዴ፣ እናቱ አና ደግሞ የሥዕል ችሎታ የነበራት ሴት ነበረች። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ሲሆን ሁጎ በኋላ የፕሮቴስታንት እምነትን ተቀብሏል። እናቱ የሞተችው 12 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ትምህርቱን ጠበቅ አድርጎ የያዘውም ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ይነገራል። አባቱም ሁጎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ በ1880 አረፈ።

ወደ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሄደው ሕክምና ለመማር ነበር። በዚያ የቪልሄልም ቩንትን ትምህርት ሲሰማ ግን ሐሳቡ ወደ ሥነ ልቦና ዞረ። ቩንት የሰውን አእምሮ በሙከራና በመለኪያ ለማጥናት በ1879 ቤተ ሙከራ የከፈተ ሰው ነው። ሙንስተርበርግ በ1885 በሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪውን ከእርሱ ዘንድ ወሰደ፤ የሕክምናውንም ሳይተው በ1887 በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ። በዚያው ዓመት ዘልማ ኦፕለርን አገባ። ወደ ፍራይቡርግ ሄዶ ማስተማር ሲጀምር ዩኒቨርሲቲው የሙከራ ቦታ ስላልነበረው መሣሪያዎቹን በገዛ ቤቱ ውስጥ ተከለ።

ወደ አሜሪካ መሄዱ

በ1889 በፓሪስ በተደረገ የሥነ ልቦና ጉባኤ ላይ ከአሜሪካዊው ፈላስፋ ዊሊያም ጄምስ ጋር ተዋወቀ። ጄምስ በሃርቫርድ የነበረውን ቤተ ሙከራ የሚመራለት ሰው ይፈልግ ነበርና በ1892 ለሦስት ዓመት ጋበዘው። ሙንስተርበርግ ያኔ ገና 29 ዓመቱ ሲሆን እንግሊዝኛውም ደካማ ነበር። ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ወደ ፍራይቡርግ ተመለሰ፤ በአገሩ የተመኘውን የፕሮፌሰርነት ወንበር ሊያገኝ ስላልቻለ በ1897 ጓዙን ጠቅልሎ ለዘለቄታው ወደ ሃርቫርድ ሄደ። በ1898 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ያም ሆኖ የጀርመን ዜግነቱን እስከ ዕለተ ሞቱ አልለወጠም። ይህ ነገር በኋላ ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል።

የምስክር ትዝታ

በዚያ ዘመን የነበሩ ፍርድ ቤቶች የምስክርን ቃል የሚመዝኑት ባመዛኙ በሁለት ነገር ነበር። ምስክሩ መሐላ ፈጽሟል ወይ? ለመዋሸትስ ምክንያት አለው ወይ? ሐቀኛ ሰው ከማለ ያየውን ይናገራል ተብሎ ይታመን ነበር። ሙንስተርበርግ የተነሣው ይህን እምነት ለመሞገት ነው። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ለፍርድ ይበልጥ የሚያሰጋው እውነት እየተናገረ እንደሆነ ከልቡ የሚያምነውና ግን የተሳሳተው ምስክር ነው። ውሸታም በመስቀለኛ ጥያቄ ሊጋለጥ ይችላል፤ ቅን ሆኖ የተሳሳተ ሰው ግን አንዳች የሚያጋልጠው ምልክት የለውም።

ነጥቡን ለማስረዳት ተማሪዎቹን ፈተነ። በነጭ ካርቶን ላይ የተበተኑ 50 ጥቁር አራት ማዕዘኖችን ለ5 ሰከንድ ካሳያቸው በኋላ ስንት እንደሆኑ ጠየቃቸው፤ መልሱ ከ25 እስከ 200 ደረሰ። በሁለት ድምፆች መካከል ያለፈውን 10 ሰከንድ እንዲገምቱ ሲጠይቅ ደግሞ ከግማሽ ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ የሚደርስ ግምት ሰጡት። በሌላ ቀን በቀኝ እጁ አንድ ባለቀለም መንኮራኩር እያሽከረከረ በግራ እጁ ብዙ ሌላ ነገር ሠራ። ተማሪዎቹ መምህራቸውን አተኩረው እንዲያዩ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር፤ ቢሆንም ከ100ው 18ቱ ግራ እጁ የሠራውን አንዱንም አላዩም። አንድ ምስክር መኪናው በምን ያህል ፍጥነት ይሄድ እንደነበር ወይም ጠቡ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሲናገር ዳኛው ምን ያህል ሊያምነው ይገባል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በዚህ ሥራ ሙንስተርበርግ ብቻውን አልነበረም፤ የመጀመሪያውም አይደለም። በፈረንሳይ አልፍሬድ ቢኔ የጥያቄ አቀራረብ የሕፃናትን መልስ እንዴት እንደሚለውጥ አጥንቶ በ1900 ጽፏል። በኦስትሪያ መርማሪ ዳኛ የነበረው ሃንስ ግሮስ ስለ ወንጀል ሥነ ልቦና ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በጀርመን ዊሊያም ሽተርን የምስክርነት ሥነ ልቦናን የሚያጠና መጽሔት አቋቁሟል። ሙንስተርበርግ ደጋግሞ የሚጠቅሰው ደግሞ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ፕሮፌሰሩ ፍራንስ ፎን ሊስት ክፍል ውስጥ የተደረገውን ሙከራ ነው። ትምህርት በመካሄድ ላይ ሳለ ሁለት ተማሪዎች ድንገት ተጣሉ፤ አንዱ ሽጉጥ መዘዘ፤ ፕሮፌሰሩ መሐል ገቡ፤ ተኩስ ተሰማ። ጠቡ አስቀድሞ የተጠና ተውኔት እንደነበር የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከታዳሚዎቹ ገሚሶቹ ወዲያው፣ ሌሎቹ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ያዩትን እንዲጽፉ ተደረገ። በጣም ጥቂት የተሳሳተው ሰው እንኳ ከቃሉ 26 በመቶው ስሕተት ነበር፤ ብዙ የተሳሳተው 80 በመቶ ደረሰ። ያልተባለ ነገር ተባለ ያሉ፣ ያልተደረገ ነገር ተደረገ ብለው የጻፉ ነበሩ። ጸሐፊዎቹ ደግሞ የነገ ጠበቆችና ዳኞች ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን በራሱ ላይ የደረሰው ነው። ቤተሰቡ ለዕረፍት በሄደበት ወቅት ቤቱ በሌቦች ተዘረፈ። ሙንስተርበርግ መጥቶ ቤቱን ተመለከተ፤ በኋላም ፍርድ ቤት ቀርቦ በመሐላ መሰከረ። ሌቦቹ ሁለት እንደነበሩ፣ በምድር ቤቱ መስኮት እንደገቡ፣ የግድግዳውን ሰዓት በመጠቅለያ ወረቀት አስረው እንደተዉት ተናገረ። ነገሩ ሲጣራ የገቡት የምድር ቤቱን በር ሰብረው ሆኖ ተገኘ፤ ሰዓቱ የተጠቀለለው በጠረጴዛ ልብስ ነበር፤ የተሰረቁትም ልብሶች እርሱ ከቆጠራቸው ይበልጡ ነበር። ሌቦቹ ሁለት ለመሆናቸውም አንዳች ማስረጃ አልነበረውም። ሙንስተርበርግ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ንግግሮችን ያለ አንዲት ማስታወሻ የሰጠ ሰው ነው፤ በትዝታው የሚኮራ፣ ትዝታንም ማጥናት ሙያው የሆነ። ስሕተቱን ሳይደብቅ በመጽሐፉ ውስጥ ማስፈሩ ያስመሰግነዋል።

የሺካጎው ግድያ

ጃንዋሪ 1906 በሺካጎ ከተማ ቤሲ ሆሊስተር የተባለች ወጣት ባለትዳር ተገድላ ተገኘች። አስከሬኑን ያገኘው ሪቻርድ አይቨንስ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ሲሆን አባቱን ጠርቶ ያሳየውም፣ ነገሩ ለፖሊስ እንዲደርስ ያደረገውም እርሱ ነው። ፖሊስ ግን ራሱን አይቨንስን ይዞ ለሰዓታት መረመረው፤ በመጨረሻ ገደልኩ አለ። ቃሉን ደጋግሞ ሰጠ፤ በሰጠ ቁጥርም ዝርዝሩ እየበዛ፣ እየተስተካከለ ሄደ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን ካደ። ገደልኩ ማለቱንም እንደማያስታውስ፣ ሽጉጥ እንደተደቀነበትና ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደማያውቅ ተናገረ። በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ አይተነዋል የሚሉ ምስክሮችም ቀረቡ። ጁሪው ጥፋተኛ አለው፤ በስቅላት እንዲቀጣም ተወሰነ።

የወጣቱ አእምሮ ደካማ እንደሆነ ያመነ አንድ የሺካጎ ሐኪም የምርመራውን ሰነድ ለሙንስተርበርግና ለዊሊያም ጄምስ ላከላቸው። ሁለቱም የተሰጠው የእምነት ቃል ሊታመን እንደማይገባው ጽፈው መለሱ። ሙንስተርበርግ እንዳስረዳው፣ ድንጋጤና የማያቋርጥ ጥያቄ ደካማ አእምሮ ያለውን ሰው ልክ እንደ ሂፕኖቲዝም ሊይዙት ይችላሉ፤ ሰውየው መርማሪው ያቀበለውን ሐሳብ እየተቀበለ የራሱ ትዝታ ያደርገዋል። ቃሉ እየቆየ የተስተካከለው አይቨንስ የረሳውን እያስታወሰ ስለሄደ ሳይሆን ከጥያቄዎቹ እየተማረ ስለሄደ ነው።

ደብዳቤው ለጋዜጦች ደረሰ፤ ቁጣም አስነሣ። የሺካጎ ጋዜጦች ከሩቅ ከተማ ሆኖ በማያውቀው የፍርድ ሥራ የሚገባ ፕሮፌሰር ብለው ዘለፉት። አይቨንስ ጁን 22 ቀን 1906 ተሰቀለ። ፍርዱ ስሕተት ስለመሆኑ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ነገር የለም። ሆኖም ንጹሕ ሰው ሳይገረፍ በራሱ ላይ ሊመሰክር ይችላል የሚለው ሐሳብ በሕዝብ ፊት በዚህ ግልጽነት የቀረበው ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነበር ማለት ይቻላል።

የአይዳሆው ክስና ትልቁ ስሕተት

ዲሴምበር 30 ቀን 1905 የአይዳሆ ግዛት የቀድሞ ገዥ ፍራንክ ስቱነንበርግ በቤቱ በር ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለ። ሃሪ ኦርቻርድ የተባለ ሰው ተይዞ ግድያውን አመነ፤ ሌሎች ብዙ ግድያዎችንም ጨመረ። ሁሉንም ያደረገው የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር መሪዎች ልከውት እንደሆነ ተናገረ። በዚህ ቃል የማኅበሩ ዋና ሰው ቢል ሄይውድ በ1907 በቦይሲ ከተማ ለፍርድ ቀረበ። ጥብቅና የቆመለት ዝነኛው ክላረንስ ዳሮው ነበር። ክሱ ለመላው የአሜሪካ ሠራተኛ ከባድ ጉዳይ ስለነበር አገሩ ሁሉ በጉጉት ይከታተለው ነበር።

ሙንስተርበርግ በአንድ መጽሔት ግብዣ ወደ ቦይሲ ተጉዞ ኦርቻርድን በእስር ቤት አገኘው። ወደ 100 የሚጠጉ ፈተናዎች ሰጠው። ከእነዚህ ዋነኛው የቃል ማዛመድ ፈተና ነው። ፈታኙ አንድ ቃል ይናገራል፤ ተፈታኙ መጀመሪያ ወደ አእምሮው የመጣለትን ሌላ ቃል ይመልሳል፤ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ በሰከንድ ክፍልፋይ በሚቆጥር መሣሪያ ይለካል። ለምሳሌ ወንበር ሲባል ጠረጴዛ ማለት ጊዜ አይፈጅም። ከወንጀሉ ጋር የተያያዘ ቃል በመካከል ሲገባ ግን፣ የሚደብቅ ሰው መጀመሪያ የመጣለትን ቃል ውጦ ሌላ መፈለግ ስላለበት ይዘገያል። ስዊዘርላንዳዊው ካርል ዩንግም ይህንኑ ዘዴ በዚያው ዘመን ይሠራበት ነበር።

ኦርቻርድ አልዘገየም። ሙንስተርበርግም ሰውየው የሚደብቀው ነገር የለም ብሎ ደመደመ። ወደ ቦስተን ሲመለስ ለጋዜጠኛ የኦርቻርድ ቃል ሁሉ እውነት እንደሆነ ነገረው፤ ዜናው ጁሪው ገና ሳይወስን ወጣ። ይህ ማለት የሄይውድ ጥፋተኝነት በሳይንስ ተረጋግጧል እንደማለት ነበር። የተከሳሹ ጠበቆች ተቆጡ፤ ጋዜጦች ተሳለቁ። ጁላይ 28 ቀን 1907 ጁሪው ሄይውድን በነፃ አሰናበተው። ኦርቻርድ የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦለት በ1954 በእስር ቤት ሞተ።

ስሕተቱ የት ላይ ነው? ፈተናው በተሻለ ቢሠራ እንኳ ሊያሳይ የሚችለው ሰውየው እየደበቀ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው፤ የሚናገረው ነገር በእርግጥ መደረጉን አያሳይም። የሚናገረውን ያመነ ሰው ወይም ታሪኩን ለወራት ለመርማሪ ሲደጋግም የቆየ ሰው አይዘገይም። የሺካጎውን ወጣት የእምነት ቃል ለመጣል የተጠቀመበት መከራከሪያ እዚህ ላይ ትዝ ያለው አይመስልም። በአንድ ዓመት ልዩነት አንዱን የእምነት ቃል በሰነድ አንብቦ ሐሰት፣ ሌላውን በጥቂት ሰዓታት ፈትኖ እውነት ማለቱ ተቺዎቹ እስከ መጨረሻው የያዙበት ነገር ሆነ።

መጽሐፉና የሕግ ሰዎች መልስ

በ1907 እና በ1908 በመጽሔቶች ያወጣቸውን ጽሑፎች ሰብስቦ በምስክር ወንበር ላይ ብሎ አሳተመ። መጽሐፉ የምስክርን ትዝታ፣ ወንጀልን ማወቂያ ዘዴዎችን፣ ስሜት በትንፋሽና በደም ሥር ላይ የሚተወውን ምልክት፣ ሐሰተኛ የእምነት ቃልን፣ በፍርድ ቤት ውስጥ የሚቀርቡ መሪ ጥያቄዎችን፣ ሂፕኖቲዝምንና ወንጀልን መከላከልን ያነሣል። ለባለሙያ ሳይሆን ለተራ አንባቢ የተጻፈ ስለሆነ ብዙ ተነበበ። ሙንስተርበርግ በመግቢያው የሕግ ሰዎችን ሳይቆጥብ ነቅፏል፤ በዘመኑ ሳይንስ ያልተጠቀሙት ዳኞችና ጠበቆች ብቻ ናቸው እስከማለት ደርሷል።

መልሱ አልዘገየም። በአሜሪካ የማስረጃ ሕግ ሊቅ የነበረው ጆን ሄንሪ ዊግሞር በ1909 በኢሊኖይ የሕግ መጽሔት ላይ ረጅም የስላቅ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የአንድ ምናባዊ ክስ ዘገባ ነው፤ የሕግ ባለሙያዎች በስም ማጥፋት ሙንስተርበርግን ይከሱታል፤ ፕሮፌሰሩ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፋጠጣል። ፍርድ ቤቱ የሚያውቀው የሥነ ልቦና ዘዴ የት ታትሟል? በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተፈተነውስ የት ነው? በቤተ ሙከራ በአማካይ የተገኘ ስሕተት በዚህ አንድ ምስክር ላይ ምን ይነግረናል? በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ተረትቶ የ1 ዶላር ካሣ ይፈረድበታል። ጽሑፉ ቢያስቅም የዋዛ አልነበረም። ዊግሞር የሥነ ልቦና ጠላት አልነበረም፤ ሳይንሱ ሲደርስ ፍርድ ቤቱ በሩን ይከፍታል የሚል ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች ግን ይህ ጽሑፍ የሥነ ልቦናንና የሕግን ጉዞ ለረጅም ዓመታት እንዳዘገየው ያምናሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ዛሬም ሙሉ መልስ አላገኘም፤ አንድ ባለሙያ በጠቅላላው ምስክሮች ይሳሳታሉ ማለት ይችላል፤ ይህኛው ምስክር ተሳስቷል ለማለት ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ሌሎች ሥራዎች

ሙንስተርበርግ ስለ ጁሪም ጽፏል። ተማሪዎች በሁለት ካርዶች ላይ ካሉ ነጥቦች የትኞቹ እንደሚበዙ ድምፅ እንዲሰጡ፣ ከዚያ እንዲወያዩና እንደገና ድምፅ እንዲሰጡ አደረገ። የወንዶቹ ትክክለኛ መልስ ከ52 ወደ 78 በመቶ ሲያድግ የሴቶቹ በ45 በመቶ ቀረ። ከዚህም ተነሥቶ ሴቶች ለጁሪ አይሆኑም አለ። ከነጥብ ቆጠራ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ላይ መድረሱ ያን ጊዜም አስተችቶታል። የገዛ ተማሪው ሃሮልድ በርት በ1920 የተሻለ ሙከራ አድርጎ በወንድና በሴት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም።

ከሕግ ውጪም ብዙ ሠርቷል። በ1909 ስለ ሥነ ልቦናዊ ሕክምና፣ በ1913 ደግሞ ስለ ሥነ ልቦናና ስለ ኢንዱስትሪ ሥራ ጽፏል፤ የትራም ነጂዎችንና የስልክ ኦፕሬተሮችን ለሥራቸው ብቁ መሆናቸውን በፈተና ለመለየት ሞክሯል። በ1916 የወጣው የፊልም መጽሐፉ ስለ ሲኒማ ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ የንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት አንዱ ነው።

ጦርነቱና ሞቱ

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲጀመር ሙንስተርበርግ ለጀርመን ተከራከረ። ጽሑፎችንና መጻሕፍትን አወጣ። አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ ባትገባም የሕዝቡ ስሜት ወደ እንግሊዝና ወደ ፈረንሳይ ያዘነበለ ስለነበር ወዳጆቹ ራቁት፤ ሰላይ ነው የሚል ወሬም ተነዛበት። አንድ የሃርቫርድ የቀድሞ ተማሪ ሙንስተርበርግ ካልተባረረ ለዩኒቨርሲቲው ልሰጥ ያሰብኩትን 10 ሚሊዮን ዶላር እሰርዛለሁ ብሎ አስታወቀ። ሙንስተርበርግ ሰውየው ግማሹን ገንዘብ አሁኑኑ ከከፈለ በፈቃዱ እንደሚለቅ መለሰ። ዩኒቨርሲቲው ግን በገንዘብ ማስፈራሪያ መምህር እንደማያሰናብት ገልጾ በሥራው አቆየው።

ዲሴምበር 16 ቀን 1916 ጠዋት በራድክሊፍ ኮሌጅ ሴት ተማሪዎችን በማስተማር ላይ ሳለ ወድቆ ሞተ። 53 ዓመቱ ነበር። ልጁ ማርጋሬት የሕይወት ታሪኩን በ1922 አሳተመች። አሜሪካ ከሞተ በአራተኛው ወር በጀርመን ላይ ጦርነት ስላወጀች ስሙን ማንሣት የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ከአሜሪካ ታዋቂ ሰዎች አንዱ የነበረው ሊቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተረሳ።

ከእርሱ በኋላ

በሙንስተርበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ማርስተን በ1915 ሰው ሲዋሽ የደም ግፊቱ እንደሚለወጥ ለማሳየት ሙከራ ጀመረ። ይህ በኋላ የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ለተባለው አንዱ መሠረት ነው። በ1923 በዋሽንግተን ከተማ ጄምስ ፍራይ የተባለ ተከሳሽ ማርስተን ፈትኖ እውነተኛ ነው ያለውን ማስረጃ ሊያቀርብ ሲል ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም፤ አንድ ሳይንሳዊ ዘዴ በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ በጠቅላላው ተቀባይነት ካላገኘ ማስረጃ ሊሆን አይችልም ሲል ወሰነ። ይህ መመዘኛ በአሜሪካ ለ70 ዓመታት ያህል ገዥ ሆኖ ቆይቷል። ማርስተን በበኩሉ በ1941 ወንደር ውማን የተባለችውን የሥዕል ታሪክ ጀግና ፈጠረ፤ ያሰረችው ሰው ሁሉ እውነት እንዲናገር የሚያስገድድ ገመድ ያላት መሆኗ ከፈጣሪዋ ሙያ ጋር ይሄዳል።

የምስክር ትዝታ ጥናት ግን ለአሥርት ዓመታት ቀዝቅዞ ከቆየ በኋላ በ1970ዎቹ እንደገና አንሠራራ። ኤልሳቤጥ ሎፍተስ አንዲት ቃል የተለወጠችበት ጥያቄ የምስክርን ትዝታ እንደሚለውጥ አሳየች። ከ1989 ጀምሮ በዲኤንኤ ምርመራ በአሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ የታሰሩ ሰዎች ንጹሕ መሆናቸው ሲረጋገጥ፣ ከሁለት ሦስተኛ በሚበልጡት መዝገቦች ላይ የተሳሳተ የዓይን ምስክር፣ ከአራት አንድ በሚበልጡት ላይ ደግሞ ሐሰተኛ የእምነት ቃል ተገኘ። የሙንስተርበርግ መጽሐፍ እንደገና መነበብ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ

ሙንስተርበርግ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው የታወቀ ነገር የለም። ያነሣቸው ጥያቄዎች ግን ለአገሪቱ የፍትሕ ታሪክ እንግዳ አይደሉም። በጥንቱ የሌባሻ ሥርዓት አንድ ልጅ መድኃኒት ተሰጥቶት ከደነዘዘ በኋላ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቅ ነበር፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁ ገመዱን በያዘው ሰው ወይም በተከተለው ሕዝብ ስሜት ይመራ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭ ደግሞ የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይቆያል፤ ዕውቀትን ለማውጣት ጥሩ መንገድ ቢሆንም ሥራውን ጥሎ የተቀመጠ ሰው ሌሎች የጠሩትን ስም ተቀብሎ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሊቸኩል ይችላል።

በዘመናዊው ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ቃል ለመቀበል ማባበያ፣ ማስፈራሪያ ወይም የተስፋ ቃል እንዳይጠቀም ይከለክላል፤ የራስን ምስክር በመሪ ጥያቄ መጠየቅንም ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይፈቅድም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ሁለቱም ዛቻና ግፊትን እንጂ፣ ሺካጎ ላይ እንደታየው ያለ ዱላ የሚሠራውን የጥያቄ ጉልበት በስሙ አያነሡም።

የተከሳሽን አእምሮ በባለሙያ ማስመርመር ወደ ኢትዮጵያ ሕግ በግልጽ የገባው ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ባረቀቀውና በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ከአንቀጽ 48 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ለድርጊቱ ኃላፊ ሊሆን የማይችልን ሰው ከቅጣት ነፃ ያደርጋሉ፤ አንቀጽ 51 ደግሞ ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲያስቀርብ ያዛል። ሕጉ እንዲህ ያለ ምርመራ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ከአእምሮ ሕመምና ከሚጥል በሽታ ጋር መስማትና መናገር የተሳናቸውን አብሮ መቁጠሩ የዘመኑን አመለካከት ያሳያል። እንደ አዲስ አበባው የመካኒሳ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ባሉ ቦታዎች በምልክት ቋንቋ የሚማሩ ልጆች የጎደላቸው ማሰብ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ቢቀርቡ የሚያስፈልጋቸው መጀመሪያ አስተርጓሚ ነው። ያ አስተርጓሚ ጥያቄውን ሲያስተላልፍ መልሱን እንዳይመራ መጠንቀቅ ያለበትም ሙንስተርበርግ በመሪ ጥያቄ ላይ ባነሣው ምክንያት ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የኃላፊነትን ጉዳይ በእነዚሁ የአንቀጽ ቁጥሮች አካባቢ ይዞ ቀጥሏል። በተግባር ፍርድ ቤቶች ተከሳሾችን የሚልኩት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ባለሙያው ስለ ሰውየው የአእምሮ ሁኔታ ያገኘውን ይጽፋል፤ ከዚያ ተነሥቶ ተከሳሹ በሕግ ኃላፊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ግን ዳኛው ነው።